ሰባ ስምንት ሰከንድ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ለሰው ልጅ ስምልና ስገዘት ኖርኩ። ሼህም ቄስም አልነበርኩም፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ያላየሁት ነገር ኬክሮስና ኬንትሮስ ይባላል። ኬክሮስ ምድርን እንደ ማገር አግድም የሚያስራት መስመር ነው፤ ኬንትሮስ ደግሞ ከዋልታ እስከ ዋልታ ሽቅብ ቁልቁል የሚሰነጥቃት። መሬት ላይ የሉም፤ ግን አሉ። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ከሌሉ ለምን እንማራቸዋለን?» ሲለኝ «ለፈተና» እለው ነበር። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ይህ መልስ በቂ ይመስለኝ ነበር።

ስሜ ሙሄ ነው። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ሲሆን፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሻይ ቤት የማልታጣ ሽማግሌ ነኝ። የሻይ ቤት ጓደኞቼ «ዲግሪ» ይሉኛል፤ የተመረቅሁት በዲፕሎማ መሆኑን እያወቁ። በማስተምርበት ዘመን የትምህርት ቤታችን ሉል አንገቱ ተሰብሮ ስለነበር የማስተምረው በዱባ ነበር። በከሰል የምድር ወገብን አዞርበታለሁ፤ ከዚያ መስመሮቹን ላይ ታች እሰነዝርበታለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ዱባውን ታቅፌ ቤት ስገባ፣ ባለቤቴ አላህ ይማራትና፣ «ዛሬስ የትኛውን አህጉር ልቀቅል?» ትለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምታወቀው ግን በማረም ነው። የሰው ስህተት ካገኘሁ ምሳዬን እረሳለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሚታረም ደብተር ሲጠፋ፣ የሻይ ቤቱን የዋጋ ሰሌዳና የለቅሶ ማስታወቂያ ሳይቀር አርሜያለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁ ብቻ አይደለም። በኋላ የመጣው መዘዝ ከዚህ አመሌ ነው የወጣው።

ዘሃራ የጎረቤቴ የወይዘሮ ከድጃ ልጅ ናት። አስተምሬያታለሁ፤ ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቼ አንዷ ናት። አሁን የገበሬ መሬት እየለካች ካርታ የምታወጣ ባለሙያ ሆናለች። በእጇ የምትይዛት ከሳሙና የማትበልጥ መሣሪያ ከሰማይ ሳተላይት ጋር ተነጋግራ የቆመችበትን ቦታ በቁጥር ትነግራታለች። አንድ ቀን እቤቴ ደጃፍ አወጣቻትና አሳየችኝ።

«ይኸው ቲቸር፣ ኬክሮስዎ። ይኸው ኬንትሮስዎ።»

ቁጥሮቹን ሳይ እንባዬ መጣ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። መጣ። ስማቸውን እየጠራሁ አርጅቼ መልካቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በኔም ስልክ ላይ እንዲታይ አደረገችልኝ። መጀመሪያ ያወጣችልኝ ቁጥር ነጥብ ያለው ዓይነት ነበርና ተቆጣሁ። «በዲግሪ፣ በደቂቃ፣ በሰከንድ አድርጊልኝ! እኔ ያስተማርኩሽ እንደዚያ ነው።» ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ አንድ ዲግሪ ስልሳ ደቂቃ ነው፤ አንድ ደቂቃ ስልሳ ሰከንድ። የሰዓት ሳይሆን የመሬት ነው። አንዷ የመሬት ሰከንድ ሠላሳ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ዘሃራ ሳቀችና የስልኬን እንደፈለግሁት አደረገችልኝ። የሷን መሣሪያ መሥሪያ ቤቷ እንዳዘዘው በነጥብ ተወችው። እኔም ስለሷ መሣሪያ አልጠየቅሁም።

ቀጥሎ የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነበር። «እነዚህ መስመሮች እዚህ አቅራቢያ የሚገናኙበት ቦታ አለ? ክፍልፋይ የሌለበት፣ ልቅም ያለ?»

ካርታዋን አየችና ፈገግ አለች። «አምባሰል ውስጥ አለ። ከውጫሌ ወደ ግሸን በኩል። አሥራ አንድ ዲግሪ ከሠላሳ ደቂቃ ከሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ከሠላሳ ደቂቃ ጋር ይሻገራል። ሰከንዱ ሁለቱም ዜሮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኋት። ሳልሞት እዚያ ቦታ ላይ መቆም አለብኝ አልኳት። ተራራ ነው አለች፤ እኔ ፍየል ነኝ አልኳት። ጉልበትዎስ አለች፤ ከሰባ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ጉልበት ይልቅ ስለ መስመሩ አስቢ አልኳት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ፈቃዷን ሰጠችኝ። ስንነሳ እናቷ በር ላይ ቆማ «መምህር፣ ልጄን አደራ» አለችኝ። «ኧረ እኔን ለሷ አደራ በያት!» ብዬ ቀለድኩ።

ከሐይቅ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተፈናጠን፣ ከዚያ በእግር። አምስት ሰዓት ሲሆን ጉልበቴ ፍየልነቱን ካደ። ከአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ አንድ ቤት አገኘንና ገባን። ባለቤቶቹ ይመርና አስካለ ይባላሉ፤ ገብስ የሚያርሱና ንብ የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። ይመር ለጎረቤት አጨዳ ወጥቶ ስለነበር የተቀበለችን አስካለ ናት። ወደ ሃምሳ የምትጠጋ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። እግሬን በሙቅ ውኃ እያሸች ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ዘሃራ መሣሪያዋን አየች። «መስቀለኛው ከገደሉ ማዶ ነው ቲቸር። ብዙም አልቀረንም። ግን በዚህ ጉልበት አይሞከርም። እንመለስ።»

«እንዴት እንመለሳለን? አንቺ ሂጂና የቁጥሩን ፎቶ አንሽልኝ። ሁለቱንም ዜሮ።»

አስካለ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ እዚህ አገር ከቀትር በኋላ ጉሙ ከሥር ይነሳል። ጉም ሲነሳ በዚያ ቁልቁለት ሰው አይወርድም፤ ከብት እንኳ አንለቅም። ባሌ እስኪመጣ ይጠብቁ፣ እሱ ይወስዳታል።»

አሁን የምጽፈውን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰርዤ መልሼ እንደጻፍኩት አላህ ያውቃል። ያልኩት ይህ ነው፦ «አንቺዬ፣ እሷን ሳተላይት ነው የሚመራት። ባልሽ ምን ይጨምርላታል?»

ዘሃራ ስቃ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና ወረደች። ስድስት ሰዓት ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ጉሙ መጣ። እንደ ጭስ አልመጣም፤ ግድግዳ ሆኖ ከገደሉ ሥር ቆሞ ወጣ። ደጃፍ ካለው ካብ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ የራሴን ቦታ እያየሁ እደሰት ነበር። ኬክሮሱ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ስድስት ሰከንድ ይላል። ልጅቱ ገደል ውስጥ ሆና እኔ በቁጥር እጫወታለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር!» ድምፅዋ የሷ አልመሰለኝም። «ወደቅሁ። መንገዱን ሳትኩና ወደኋላ ስመለስ ተንሸራተትኩ። እግሬ... አጥንቱ ወጥቷል ቲቸር፣ ደም አለ። በነጠላዬ አስሬዋለሁ። ያረፍኩባት ድንጋይ ጠባብ ናት፣ ከሥሬ ምንም አይታየኝም።»

«ያ አላህ! የት ነሽ? የት ነሽ?»

«ቁጥር ይጻፉ። ስልኬ ሊዘጋ ነው። ዲግሪውን ይተዉት፣ ያው ነው። ኬክሮስ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ዜሮ አራት። ኬንትሮስ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ስምንት ሁለት።»

ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። ከነጥቡ በፊት ያለው ደቂቃ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ሰከንድ መሰለኝ። የመጨረሻዋን አኃዝ የሰከንድ ፍርፋሪ ናት ብዬ ተውኳት። እንግዲህ ኬክሮስ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ኬንትሮስ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሰባ ስምንት... እዚህ ላይ ቆምኩ። ሰባ ስምንት ሰከንድ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ስልሳ ሲሞላ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ነው።

ይህ ሽማግሌ መምህር፣ ሰው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ምን አደረገ? አረመ። ሰባ ስምንትን ሰርዤ ከላዩ ሃምሳ ስምንት ጻፍኩ።

«ሃምሳ ስምንት ነው የሚሆነው፣ በድንጋጤ ተሳስተሻል፣ አብሽሪ፣ መጣን!» አልኳት።

«ቲቸር፣ አይደ...» አለችና ስልኩ ጠፋ። መልሼ ደወልኩ። ዝግ ነው።

አስካለ አፋፉ ላይ ወጥታ ጮኸች። ያገር ሰው ጩኸት ታውቃላችሁ፤ ስልክ የማይደርስበት ይደርሳል። ይመር ማጭዱን እንደያዘ መጣ፤ ከኋላው ስድስት ሰባት ሰው ገመድና መጫኛ ይዞ ደረሰ። ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ አደረገ። እኔም ወረቀቴን ከፍ አድርጌ እንደ ጥንቱ አስረዳሁ። ስልኬ ላይ ያለው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር እኩል የሚሆንበት ቦታ ልጅቱ ያለችበት ነው። ከመስቀለኛው አሥር ሰከንድ ብቻ ነው የቀራት፤ ተሻግራለች ማለት ነው። ይህን ስናገር፣ አፍሬ እነግራችኋለሁ፣ በውስጤ «ደርሳ ነበር እኮ!» የሚል ደስታ ብልጭ አለ።

ይመር ራሱን አከከ። «መምህር፣ ማዶማ የነመኮንን የገብስ ማሳ ነው። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከየት ትወድቃለች?»

«ሳተላይት ከመኮንን ገብስ ይበልጣል» አልኩት።

«ወጣቶቹ ከዚሁ ከሥራችን ቢፈልጉስ? ጥሪም እናድርግ።»

«ጊዜ አናባክን! ቁጥር አለን!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የወሎ ሰው ሽማግሌን፣ ያውም እንግዳ ሽማግሌን፣ ያውም መምህር የሆነን፣ «ዝም በል» አይልም። ያ ጨዋነታቸው ያን ቀን ጎዳን። በቅሎ ጫኑልኝ። ገደሉን ለመሻገር ወደ ላይ ዞሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ተመልሶ መውረድ ነው። በጉም ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን። እኔ በበቅሎ ላይ ሆኜ ስልኬን እያየሁ «ትንሽ ቀኝ! ትንሽ ወደፊት!» እላለሁ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ቁጥሮቹ ገጠሙ። ሃምሳ። ሃምሳ ስምንት። ልክ። ቀና አልኩ።

ገብስ ነው።

ለጥ ያለ፣ ያልታጨደ፣ ጤዛ የያዘ ገብስ። አንድ ቀይ ላም ዳር ላይ ቆማ ታየናለች። ገደል የለም። ደም የለም። ዘሃራ የለችም።

ተሳስቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ግን ከዚያ በፊት ስህተት ማለት ለኔ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነበር። ያን ቀን ስህተቴ ውስጥ በአካል ገብቼ ቆምኩ። እስከ ጉልበቴ ድረስ ገብስ ነበረው። ከበቅሎው ወርጄ እንደ እብድ ሜዳው ላይ «ዘሃራ!» እያልኩ ዞርኩ። መሬቱን በእጄ ዳበስኩት። ስልኩን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አደረግሁት። «ስልኩ ነው፣ ስልኩ ነው የተሳሳተው» አልኩ። ሰዎቹ ዳር ቆመዋል፤ አንዱ ባርኔጣውን አውልቋል። የዚያ ባርኔጣ መውለቅ ከሁሉም ይልቅ አስፈራኝ።

አስካለ ውኃ ይዛ ከኋላ መጥታ ነበር። ቀረብ አለችና ወረቀቱን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደች።

«ቲቸር» አለች።

አባባ ስትለኝ የዋለች ሴት ቲቸር አለችኝ።

«ይቺ ሰባ ስምንት ለምን ተሰረዘች?»

«ሰባ ስምንት ሰከንድ የለማ! ስልሳ ሲሞላ...»

«ደቂቃ ይሆናል። አውቃለሁ፤ እርስዎ ነዎት የነገሩን። ውጫሌ ስምንተኛ ክፍል።» ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። «ግን ልጅቱ ቁጥሩን ከራሷ አላወጣችው፤ መሣሪያው ላይ ያየችውን ነው ያነበበችው። ሰባ ስምንት ሰከንድ ከሌለ ሰከንድ አይደለማ። ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«ነጥቧ... ደቂቃና ሰከንዱን የምትለይ...»

«እኔ ማር በኤሌክትሪክ ሚዛን ነው የምሸጥ። ሚዛኑ ሁለት ነጥብ አምስት ካለኝ ሁለት ኪሎ ተግማሽ ነው። ሁለት ኪሎ ተአምስት ግራም ነው ብዬ ብሸጥማ ልጆቼ ይራቡ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ያለችዎ ሃያ ዘጠኝ ተግማሽ ቢሆንስ?»

ወገኖቼ፣ በዚያች ቅጽበት የሆንኩትን የምገልጽበት ቃል ከየት ላምጣ? ግማሽ ደቂቃ ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ ይህን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። ሃምሳ አይደለም፤ ሠላሳ። ሁለተኛውን በእጄ መዳፍ ላይ አባዛሁት፤ የደቂቃ ሰባ ስምንት ከመቶ ማለት አርባ ሰባት ሰከንድ ሆነ። ሁሉም ገጠመ። ልጅቱ አንዲት አኃዝ አልሳተችም። እግሯ ተሰብሮ፣ ደሟ እየፈሰሰ፣ ጠባብ ድንጋይ ላይ ሆና ልክ የሆነ ቁጥር ሰጠችኝ። እኔ ካብ ላይ በምቾት ተቀምጬ ልኩን አበላሸሁት።

ከዚያ የባሰው መጣ። አስካለ ደጃፍ ካቡ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ሃያ ስድስት ሰከንድ ነበር ያለኝ። ዘሃራ ሠላሳ ላይ ናት፤ ኬንትሮሳችን ያው አርባ ሰባት ነበር። አራት ሰከንድ። መቶ ሃያ ሜትር። ከእግሬ ሥር ነበረች። እሷ ከሥር፣ እኔ ከላይ። ይመር «ከሥራችን እንፈልግ» ያለውም ይህንኑ ነበር።

«ቤታችሁ ሥር ናት» አልኩ። «ቤታችሁ ሥር ነበረች።»

ይመር ማጭዱን ወረወረና ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ በረጅሙ ተጣራ። ምንም። ደግሞ ተጣራ። ከማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጭን የፉጨት ድምፅ መጣ። ቆም አለና ደግሞ መጣ።

«እሰይ የግሸን ማርያም!» አለ ይመር፤ እኔ «አልሐምዱሊላህ» አልኩና ገብሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ወጣቶቹ በዙርያው መንገድ አልሄዱም፤ እንደ ጦጣ ቁልቁል ወርደው ሽቅብ ወጡ። እኔ በበቅሎ በመጣሁበት ተመለስኩ፤ አስካለ በቅሎውን ትስባለች። ከመንገዱ ግማሽ ላይ አላስችለኝ ብሎ ጠየቅኋት።

«ውጫሌ አስተማርኩሽ አልሽ?»

«አዎ። አያስታውሱኝም። አንድ ቀን ‹መስመሩ የማይታይ ከሆነ ላም ስትረግጠው ይሰማታል ወይ?› ብዬ ጠየቅሁ። ‹ሂጂና ላሟን ጠይቂያት› ብለው አስወጡኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድኩ ላሟን ልጠይቅ።» ሳቅ አለች። «አልተመለስኩም። አባቴም ደስ አለው፤ ሥራ በዝቶ ነበር።»

እንደዚያ ቀልድ ስንቴ ቀልጃለሁ? ስንት ልጅ ላሟን ልትጠይቅ ሄዳ ቀረች? በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አስወጥቼ የሳቅሁባቸውን ልጆች ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የክፍሉ ሳቅ ብቻ መጣ።

ይመር ወገቡን በመጫኛ ታስሮ ወረደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ ሳይሸሽ፣ ዘሃራን አወጧት። ፊቷ አመድ መስሏል። ነጠላዋ ከነጭ ወደ ጥቁር ዞሯል። ሁለት እንጨት አጋድመው በጋቢ ቃሬዛ ሠሩና በአራት በአራት ሰው እየተፈራረቁ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሷት። ክርስቲያኑ «በስመ አብ» እያለ፣ እስላሙ «ቢስሚላህ» እያለ ትከሻ ይለዋወጣል። እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ እንኳን ቃሬዛ ወረቀት ለመያዝም የማልረባ።

ደሴ ሆስፒታል እግሯን ሁለት ጊዜ ቀደዱት። ነፍሷ ተረፈች። ጉልበቷ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ሐኪሙን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት፦ «ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢደረስላት ኖሮ?» ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና «ደም ባትፈስ ጥሩ ነበር» አለኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ተከተለ። ሐይቅ ስመለስ እንደ ጀግና ተቀበሉኝ። «መምህር ሙሄ በኬክሮስና በኬንትሮስ አስልቶ ልጅቱን አገኛት» ተብሏል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ። «ዲግሪ ዛሬ ማስተርሱን ያዘ!» አሉ። ወይዘሮ ከድጃ እጄን ይዛ ልትስመው አጎነበሰች፤ እጄን እንደ ተቃጠለ ሰው ነጠቅሁ። ይመርና አስካለ ለማንም ምንም አልተናገሩም ነበር። እንግዳ አይዋረድም። ምስጢሬን ከኔ በተሻለ ጠበቁልኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዝምታው ጣፍጦኝ ነበር። ሽማግሌ ሙገሳ ይወዳል። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ መጥቶ «ቲቸር፣ ከገደሉ ውስጥ እንዴት እንዳገኟት ያስረዱን» ሲለኝ ግን ሻዬን ትቼ ተነሳሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ከድጃ ቤት ሄጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳት። ሰባ ስምንቱን፣ ሃምሳ ስምንቱን፣ «ባልሽ ምን ይጨምርላታል» ያልኩትን ሳይቀር። መሬት መሬት እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው፤ እኔም ይገባኛል።

እናንተ አንባቢዎች፣ በተለይ ማረም የምትወዱ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ሲናገር የማይገጥም ነገር ከሰማችሁ፣ ያልገጠመው የሱ ቃል ይሁን የናንተ መስፈሪያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ የማይገጥም ቁጥር በእጄ ይዤ ነበር። ያቺ ሰባ ስምንት «ተሳስተሃል፣ ሰከንድ አይደለሁም፣ እንደገና አስብ» እያለች ስትጮህብኝ ነበር፤ ጩኸቷን በቀለም ሸፈንኩት። መስመሮቹ የሉም እያልኩ ሳስተምር ኖርኩ። አሁን የሚጠይቀኝ ልጅ ቢመጣ «ለፈተና» አልለውም። ባይኖሩም ሰው እንደሚንጠለጠልባቸው እነግረዋለሁ። አምባሰልም በወር አንዴ እወጣለሁ፤ አስካለ ልጆቿን ሰብስባ በዱባ እንዳስተምራቸው ታደርገኛለች፤ እሷ ራሷ ከኋላ ቁጭ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ሳልመልስላት ውኃ አትሰጠኝም።

ለዘሃራ የነገርኳት መጨረሻ ላይ ነው። ከሆስፒታል ወጥታ ደጃፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ሄድኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ገና ሃምሳ ስምንት ላይ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ምኑን?»

«እንዳረሙት። ‹ሃምሳ ስምንት ነው የሚሆነው› ሲሉኝ ሰማሁ እኮ። አይደለም ልልዎ ስል ነው ስልኩ የጠፋው። ወዴት እንደሚሄዱም በጭንቅላቴ አሰላሁት። ማዶ፣ ሜዳው ላይ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ... ማዶ መሄዳችንን እያወቅሽ?»

«ከላይ ድምፃችሁ ሲርቅ ሰማሁ። ጮህኩ፤ የበቅሎው ኮቴ በለጠኝ።»

«እና ምን ታደርጊ ነበር? እዚያ ተቀምጠሽ ምን ታስቢ ነበር ልጄ?»

ወደ ሐይቁ በኩል አየች። «እቆጥር ነበር። ሰባ ስምንቱ ሰከንድ አለመሆኑ እስኪገባዎ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እቆጥር ነበር።»

መጠየቅ አልነበረብኝም። ጠየቅሁ።

«ስንት ደረሰ?»

«ሰባት ሺህ ላይ ደከመኝ» አለች።